ቆሎ የተጠቀለለበት ውሳኔ

የጣርማ በርን ዋሻ ጨርሶ፣ ጉሙን ከኋላው ጥሎ፣ ደብረ ሲና ላይ መኪና የቆመለት መንገደኛ ቆሎ ሳይገዛ ማለፍ አይሆንለትም። ነውርም ይመስላል። መስኮቱ ገና ሳይከፈት ልጆቹ መኪናውን ይከቡታል። «ጋሼ፣ የኔን!» «እትዬ፣ ትኩስ ነው!» ይላሉ። እኔ ደግሞ ይህን መንገድ በተመላለስኩባቸው ዓመታት ከቆሎው እኩል የምወደው መጠቅለያውን ነበር። ቆሎው ያልቃል፤ ወረቀቱ ይነበባል።

ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን ቁልቁለት የተማሪ ሒሳብ እያረምኩ የወረድኩበት ቀን አለ። (ልጁ ክፍልፋይ መደመር አልገባውም ነበር፤ መምህሩ ግን «ራይት» ሰጥቶታል።) የእድር ቃለ ጉባኤ አንብቤያለሁ። ብርድ ልብስ ያላመጣ አባል እንዲቀጣ የተወሰነበት ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ የፍርድ ቤት ውሳኔ ደረሰኝ። ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ በሰሜን እገሌ በደቡብ እገሌ የሚያዋስነው መሬት አለ፣ ምስክሮች አሉ። «ስለሆነም ፍርድ ቤቱ» ይልና ገጹ አለቀ! ማን እንደረታ ለማወቅ ጓጉቼ አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ የቆሏቸውን ወረቀት ለመንኳቸው። የእርሳቸው የእንግሊዝኛ ግሥ እርባታ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ዛሬ ይህ ንባብ ቀርቷል። ቆሎው በቀጭን ላስቲክ ታስሮ ይመጣል። ጋዜጣውም እንደ ድሮው በሽ በሽ አይደለም፤ የሚነበበው ሲጠፋ የሚጠቀለልበትም አብሮ ጠፋ። ላስቲኩ እንግዲህ ቆሎው ሲያልቅ በመስኮት ይወጣል። ነፋሱ ተቀብሎ ቁልቁል ይዞት ይወርድና ቆላው ላይ ያሉት ግራሮች ዘንድ ያደርሰዋል። በበጋ ከሮቢት ወዲያ ባለው መንገድ የምትሄዱ ሰዎች፣ እሾሁ ላይ ጥቁርና ነጭ ፌስታል አብቦ አይታችኋል። ፍየሎቹም አይተዋል፤ እነሱ ግን ከማየት አልፈው ይበሉታል።

የድሮው መጠቅለያ ደግሞ ያለ ጥፋት ነበር ማለቴ አይደለም። የህንድ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2016 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ምግብ በጋዜጣ መጠቅለል እንዲተው ሲያስጠነቅቅ፣ የሕትመት ቀለሙ ወደ ምግቡ ይገባል፣ ለጤናም አይበጅም ብሎ ነው። ስለዚህ ናፍቆቴን ልክ አበጅቼለታለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ቆሎ መጠቅለሉን ያቆመው ወረቀት የት ሄደ? ያ ሁሉ ደብተር፣ ያ ሁሉ ቃለ ጉባኤ፣ ያ ሁሉ የሱቅ ካርቶን?

መልሱን የሰጠኝ ጭስ ነው።

ከዓመታት በፊት እዚያው ቆላ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በጠራው ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ርእሱ የአካባቢ ጥበቃ። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ፎልደር፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር፣ በአንድ ፊት ብቻ የታተመ ዳጎስ ያለ የሥልጠና ጽሑፍ ታደለ። ግድግዳው ላይ ባነር፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ውኃ። አሠልጣኙ ስለ ቆሻሻ አያያዝ ማስረዳት ከጀመረ ጥቂት እንደቆየ ሁላችንም ማሳል ጀመርን። ጭሱ የሚመጣው ከግቢው ጀርባ ነበር። ዘበኛው ጉድጓድ ውስጥ ወረቀት ያቃጥላሉ። ሰብሳቢው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መስኮቱን ዘጋው።

በሻይ ሰዓት ወጥቼ አየሁ። የሚቃጠለው የቀደመው ዓመት ሥልጠና ጽሑፍ ነው፤ ያውም አብዛኛው ከእሽጉ ያልተፈታ። ንብረት ክፍሉን ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ለምን አትሸጡትም?»

«ለመሸጥ ኮሚቴ ያስፈልጋል» አሉኝ ትሕትና ባልተለየው ድምፅ። «ኮሚቴው ተሰብስቦ ይቆጥራል፣ ዋጋ ይገምታል፣ የበላይ ያጸድቃል፣ ጨረታ ይወጣል። የጨረታው ማስታወቂያ ዋጋ ብቻ ከወረቀቱ ዋጋ ይበልጣል።»

«ለማቃጠልስ?»

«ለማቃጠል ክብሪት።»

ሰውዬው አልቀለዱም። በእኔ ግምት የወረቀታችን ታሪክ በእኚህ ሰው ሁለት መልሶች መካከል ያለ ነው። የመንግሥት ንብረት እንዳይመዘበር የተበጀ ሥርዓት አለ፤ ለመኪናና ለጠረጴዛ ተገቢ ነው። ያንኑ ሥርዓት ለጆንያ ሙሉ ውዳቂ ወረቀት ስታደርጉት ግን ንብረት ክፍሉ ያለው ምርጫ ወይ አይጥ ማርባት ወይ እሳት መለኮስ ይሆናል። ያቃጠለ አይጠየቅም፤ በሃምሳ ብር የሸጠ ግን ኦዲት ይመጣበታል።

ወረቀት ሲጀመር ከውዳቂ የተሠራ ነገር መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቻይናዊው የቤተ መንግሥት ሹም ጻይ ሉን በ105 እ.ኤ.አ. ለንጉሡ አቀረበው የሚባለው ወረቀት ከእንጨት ልጥ፣ ከቡትቶ ጨርቅና ከአሮጌ የዓሣ መረብ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነበር። አውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት መጻሕፍቱን ያሳተመው በጨርቅ ቡትቶ ነው፤ ዛፍ ወደ ወረቀት የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የታተመ ወረቀትን ቀለሙን አጥቦ መልሶ ወረቀት የማድረጉን ብልኃት ደግሞ ማቲያስ ኩፕስ የሚባል ሰው በ1800 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ፋብሪካው ብዙም ሳይቆይ ከሰረ እንጂ ብልኃቱ አልሞተም።

እኛም ብንሆን ለጉዳዩ እንግዳ አይደለንም። ብራና ሲወደድ የቀድሞውን ጽሑፍ ፍቀው ሌላ የጻፉ ጸሐፍት ነበሩን። ወደ ቤት ስንመጣ ደግሞ፣ እናቶቻችን አሮጌ ደብተር ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ሲርስ ሙቀጫ ውስጥ ወቅጠው፣ እንዲይዝ አብሽ ጨምረው፣ በቅል ወይም በሳህን ጀርባ ላይ ለጥፈው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ሲደርቅ ይላቀቃል። ጥራጥሬ መያዣ፣ ጥጥ ማኖሪያ፣ ሙዳይ ይሆናል። በልጅነቴ ያየሁት ከላዩ የከረሜላ ወረቀት ተለጥፎበት ሲያብለጨልጭ ከሸክላው ሁሉ ይበልጥብኝ ነበር። እንግዲህ ፐልፕ የሚሉት ባለ ዲግሪ ነገር ይኸው ነው፤ የወረቀት ሊጥ። ሙቀጫው ትልቅ ሲሆንና በሞተር ሲዞር ፋብሪካ ይባላል።

ፋብሪካውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወረቀቱ ከውኃ ጋር በትልቅ ገንዳ ይማሰላል፤ ቃጫው ከቃጫ ይለያያል። የስቴፕለር ሽቦውን፣ ላስቲኩን፣ ሙጫውን በወንፊት ያወጡታል። ነጭ ወረቀት የሚፈለግ ከሆነ ሳሙና መሰል ነገር ጨምረው ከሥር አየር ይነፉበታል፤ ቀለሙ ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ይንሳፈፍና እንደ ጠላ ገፈት ይገፈፋል። ለካርቶንና ለእንቁላል ማስቀመጫ ግን ቀለም ማውጣትም አያሻም፤ ግራጫ ቢሆን እንቁላሉ ቅር አይለውም። ቃጫው በየዙሩ እያጠረ ስለሚሄድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ቢመላለስ ነው፤ ከዚያ ይደክማል፣ አዲስ ቃጫም ይደባለቅበታል። ሁሉም ወረቀት ደግሞ አይሆንም። ዘይት የጠጣ፣ ላስቲክ የተለበጠበት፣ በሙቀት የሚታተመው የባንክና የሱቅ ደረሰኝ፣ እነዚህ ሊጡን ያበላሹታል።

እዚህ ላይ አንድ የተዋስነው መፈክር አለ፤ «ወረቀት መልሰን በመጠቀም ደናችንን እናድን» የሚል። ባነር ላይ ያምራል። ነገር ግን የጣርማ በር ሰው ከወፍ ዋሻ ደን ሥር ተቀምጦ ይህን ሲሰማ ምን ይበል? የወፍ ዋሻን ጥድና ዝግባ ወረቀት ሊያደርገው የቆረጠው የለም። የሚቆረጠው ለማገዶ፣ ለጣውላ፣ ለእርሻ ማስፋፊያ ነው። ቆላው ላይ መንገድ ዳር የሚደረደረውም የከሰል ጆንያ እንጂ የወረቀት ጥቅል አይደለም። የምንጽፍበት ወረቀት ዛፍ የበቀለው በሌላ አገር ነው። ወንጂ ላይ ከስኳር ፋብሪካው ጎረቤት የተተከለው የኢትዮጵያ ፐልፕና ወረቀት ፋብሪካ እንኳ ስሙ ፐልፕ ይበል እንጂ ፐልፑን ከውጭ ሲያስመጣ የኖረ ነው።

እኛ በእሳት የምንለቀው ዶላር ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ከተወሰነ ወዲህ፣ ከ57 ብር ገደማ የተነሣው የባንኮች የዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ደብተር የገዛ ወላጅ የነገሩን ውል ያለ ኢኮኖሚስት እርዳታ ያውቀዋል። ከዚያም በፊት ቢሆን በ2015 ዓ.ም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ሳይደርስ ትምህርቱ ቀድሞ እንደነበር አይረሳም፤ ልጆቹ በስልክ ላይ ባለ መጽሐፍ፣ ስልክ የሌላቸው ደግሞ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ተማሩ። በዚያው ትምህርት ቤት ጓሮ ያለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ሲነድ ካያችሁ፣ ስለ ደን የሚያወራው መፈክር ጉዳዩን ምን ያህል እንደሳተው ይገባችኋል።

«እንግዲያውስ ፋብሪካ እንትከል» የሚል አይጠፋም። ቆይ። የውዳቂ ወረቀት ችግር ክብደቱ ትንሽ ቦታው ብዙ መሆኑ ነው። የተበተነ ካርቶን አንድ አይሱዙ ሞልቶ ሲመዘን ያሳፍራል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የነዳጁ ሒሳብ ካርቶኑን ይበላዋል። ስለዚህ ለከተማው መጀመሪያ የሚያስፈልገው መጭመቂያ ነው። ጨምቆ በሽቦ አስሮ እሽግ የሚያደርግ ቀላል ማሽን፣ አንድ ዝናብ የማያስገባ መጋዘን፣ እና ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ጭነት አድርሶ ባዶውን የሚመለስ መኪና። በአዲስ አበባ ዙሪያ ውዳቂ ወረቀት ተቀብለው ካርቶንና የመጸዳጃ ወረቀት የሚያደርጉ ፋብሪካዎች አሉ፤ እሽግ ሆኖ ከመጣላቸው ይቀበላሉ።

ከዚያ በላይ ለመሄድ ለሚደፍር ደግሞ የእንቁላል ማስቀመጫው አለ። ውኃ፣ ማማሰያ፣ ቅርጽ ማውጫ፣ ማድረቂያ ነው ሥራው። ማድረቁ ነው ብዙ ጉልበት የሚበላው፤ እዚያ ላይ ይፋት ሀብታም ናት። ጣርማ በር ላይ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ሮቢት ስትገቡ ፀሐዩ ያለ መብራት ቆጣሪ ይሠራል። የደጋው ቢሮ ወረቀት ወደ ቆላ ቢወርድ፣ የቆላው ፀሐይ ቢያደርቀው፣ ከደብረ ብርሃን የሚመጣ እንቁላል ቢደረደርበት ክፋት የለውም።

ይህን ስል ግን ወንዙን ረስቼ አይደለም። «አካባቢን የማይጎዳ» የሚለው ቅጽል በራሱ አይመጣም። የወረቀት ሊጥ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ የሚወጣው እጣቢ ቀለም፣ ሙጫና የላመ ቃጫ ይዞ ነው የሚወጣው። ያ እጣቢ የሮቢት ወንዝ ውስጥ ከተለቀቀ መጀመሪያ የሚጠጣው መስኖው ላይ ያለው ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው፤ ቀጥሎ ወደ አዋሽ ተፋሰስ በሚወርደው ውኃ ላይ ከብት የሚያጠጣው አርብቶ አደር ነው። ውኃውን አጥልሎ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል፤ በተለይ ቀለም በማይወጣበት ሥራ ላይ አስቸጋሪ አይደለም። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ካልተሠራ በኋላ የሚሠራው የለም። ጥበቃውን «ሁለተኛው ምዕራፍ» ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮጀክት ከመጣ ወረቀቱ ቢቃጠል ይሻለኛል፤ ጭስ ቢያንስ ይታያል።

ደግሞስ ማን ይሰብስበው? ቆራሌው ነዋ። እኛ ቆራሌው የምንለው ልጅ ጆንያውን ተሸክሞ ሲመጣ በር እንቆልፋለን፤ ድስት ያነሣብናል ብለን። ሮቢት ላይ አንዱን ወረቀት ትገዛለህ ወይ አልኩት።

«ጋሼ፣ ወረቀት አያዋጣም። ተሸክሜው የምውል ኪሎው አይሞላም። ደግሞ ቢሮዎቹ አይሰጡም፤ ስታነሣው ሌባ ይሉሃል። ሲያቃጥሉት ግን ቆሜ አያለሁ።»

አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለውን መንደር ያያችሁ ሰዎች ይህ ዓይነቱ ልጅ ቦታና ደንበኛ ሲያገኝ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። በርሜል ምድጃ፣ ጎማ ጫማ ይሆናል። እዚያ ማንም በባነር አላስተማራቸውም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ወረቀት ሁሉ ውዳቂ አይደለም። ያ ገጹ የጎደለ ውሳኔ እስካሁን ይከነክነኛል። ሰዎቹ ይግባኝ ብለው ቢሆንስ? የረታው ሰው ልጆች ከዓመታት በኋላ ግልባጩን ፈልገው ቢመጡስ? እኔ ቆሎዬን በልቼበታለሁ። በ1991 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን ያቋቋመው የአገር ሰነድ እንዲሰበሰብና እንዲጠበቅ ነው። ወረዳ ድረስ ወርዶ የመዝገብ ቤቱን መደርደሪያ የሚያይ ዓይን ግን ስንት ቦታ አለ? መዝገብ ቤት ብዙ ጊዜ የተቀጣ ሠራተኛ የሚመደብበት ክፍል ነው።

በይፋት ደግሞ ይህ ነገር የቃላት ጨዋታ አይደለም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም መጋቢትና ሚያዝያ ተቃጥላለች። በ2014 ዓ.ም ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ተሰባብረዋል። ከዚያ ወዲህ የቤት ካርታ፣ የልደት ማስረጃ፣ የጡረታ ፋይል ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ያየኋቸው ሰዎች አሉ። አንዲት እናት የባላቸው ስም ያለበት አንድ ቅጠል ወረቀት ለማግኘት ሦስት ከተማ ዞረዋል። ይህን ባየ አገር ጠላት ያላነደደውን መዝገብ ራሳችን ሳናይ በክብሪት ስንጨርሰው፣ ወይም ነገ «አረንጓዴ» ተብሎ በጅምላ ገንዳ ውስጥ ስንጨምረው ምን እንባላለን? ከሊጡ በፊት ለቃሚ ያስፈልጋል። ሊጡ ውስጥ የገባ ፊርማ አይመለስም። ጥበቡ ያለው አንድ ንቁ የመዝገብ ሠራተኛ የእጅ ጓንት አድርጎ «ይህ ይቀመጥ፣ ይህ ይሂድ» ሲል ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ ማሽን አይፈልግም፣ ደመወዝ ይፈልጋል።

የኮሚቴውንም ነገር ቢሆን ማቃለል ይቻላል። ወረዳው ለሁሉም ቢሮዎች በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ውል ቢዋዋል፣ የተለየውን ወረቀት በኪሎ የሚወስድ አንድ የወጣቶች ማኅበር ቢኖር፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬም በደረሰኝ ቢያስረክቡ፣ ክብሪቱ ለሻይ ይቀር ነበር። የፈተና ወረቀት ምስጢር ነው የሚሉም አሉ። ውኃ ውስጥ ከተማሰለ ወረቀት ይልቅ ምስጢር የሚጠብቅ ነገር እኔ አላውቅም፤ የተቃጠለ ቁልል እኮ መሐሉ ሳይነድ ይቀራል፣ ልጆቹም እንጨት ይዘው ይበረብሩታል።

ሰሞኑን ጉዳዩን ያስቸኮለው ፌስታሉ ነው። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ግራሮቹ አልሰሙም። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ግን አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል በጠቅላላው ይከለክላል፣ በያዘውም ላይ ቅጣት አለው። ደግ አደረገ። በምትኩ የወረቀት ከረጢት ይባላል። ከረጢቱ ከየት ይመጣል? ከውጭ በመጣ ፐልፕ ከተሠራ ዋጋው ማሾውን ሊበልጥ ነው።

እሑድ ሰንበቴ ገበያ ነበርኩ። አፋሩ ከፍየሉ ጋር፣ አርጎባው ከሽመናው ጋር፣ ኦሮሞውና አማራው ከእህሉ ጋር የሚገናኙበት የቆየ ገበያ ነው። አንዲት ማሾ የሚሸጡ እናት ሁለት ጣሳ ሰፈሩልኝና እጃቸውን ወደ ፌስታሉ ሲሰዱ፣ እኔ የአዋቂ ነገር አማረኝ።

«እማማ፣ ፌስታል እኮ በሕግ ተከልክሏል።»

«ሰምተናል» አሉ፤ ጣሳውን በአየር ላይ እንደያዙ። «እንግዲህ በምን ልስጥህ፣ የኔ ልጅ? ኪስህን ክፈት።»

ሁለት ጣሳ ማሾ ኪስ አይችለውም። አጠገባቸው፣ መሬት ላይ፣ አንድ ትልቅ የሳሙና ካርቶን ዝናብ መትቶት ላሽቆ ተኝቷል፤ አንዲት ፍየል ጥጉን ይዛ ታኝካለች።